ሲስተሙ ፈጣን ነው? ለማን?

ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን በአፕ ብር ለመላክ የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ምልክቷ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ከዚያ ወይ «እንደገና ይሞክሩ» ይመጣል፣ ወይ ጭራሽ ዝም። ብሩ ይቀነስ አይቀነስ አይታወቅም። ቅርንጫፍ ብትሄዱ ደግሞ መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ «ሲስተም የለም።» በዚያው ሳምንት ግን ማስታወቂያው «ፈጣንና አስተማማኝ» ይላል።

ታዲያ ማን ነው የዋሸው? ምናልባት ማንም። ማስታወቂያው የተመሠረተበት ቁጥር እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእናንተም ጥበቃ እውነት ነው። ጥያቄው ቁጥሩ እንዴት ተለካ የሚለው ነው። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሰርቨር አልገጥምም። ግን ይሄ የፍጥነት ልኬት ነገር ክፍል ውስጥ ስንጨቃጨቅበት ከነበረው የነፍስ ወከፍ ገቢ ጉዳይ ብዙም አይርቅም።

መጀመሪያ ዳታችን የት እንደሚቀመጥ እንይ። የሚሊዮኖችን ዳታ የሚይዝ ድርጅት ሁሉንም አንድ ኮምፒውተር ላይ አያከማችም። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይከፋፍለዋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካው ቅጂ ያስቀምጣል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች አንዱ ሴፍ ይባላል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ በሴጅ ዋይል የዶክትሬት ጥናት የተጀመረ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ ጄኔቭ አጠገብ ያለው የሰርን የምርምር ማዕከል ሳይቀር ይጠቀምበታል። ሴፍ በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን ዳታ 3 ቦታ ይጽፋል። «ተቀምጧል» የሚለው ደግሞ ሦስቱም ጽፈው ሲጨርሱ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ለምሳ ተቀጣጥራችሁ ምግቡ የሚታዘዘው የመጨረሻው ሲመጣ ነው እንደማለት ነው። ሁለቱ በሰዓቱ መድረሳቸው ርሀባችሁን አያስታግስም።

አሁን አማካይ የሚባለውን ቁጥር እዩት። እ.ኤ.አ. በ2013 የጎግሎቹ ጄፍ ዲን እና ሉዊዝ ባሮሶ ባሳተሙት ጽሑፍ ቀላል ስሌት አስቀምጠዋል። አንድ ሰርቨር ከ100 ጥያቄ 99ኙን ቶሎ ይመልሳል፣ በአንዱ ላይ ግን ከአንድ ሰከንድ በላይ ይቆያል እንበል። በጣም ጥሩ ሰርቨር ነው! ግን አንድ ገጽ ለመክፈት 100 እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች መልስ መስጠት ካለባቸው፣ ከ100 ተጠቃሚ 63ቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ ሰርቨር 99 በመቶ ጎበዝ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ይጠብቃል። ነፍስ ወከፍ ገቢ አደገ ሲባል ኪሳችሁ ለምን እንዳልሞላ ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆናል፤ መልሱ ተመሳሳይ ነው። አማካይ የሚነግረን ስለ መሃሉ ነው፤ ወረፋው ያለው ግን ጭራው ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝት ነው። ክራር ለዘፈኑ እንደሚቃኘው ማከማቻም ለሚሠራው ሥራ ይቃኛል። የዳታው መጠን፣ የቅጂው ብዛት፣ ስንት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይግባ የሚለው ሁሉ ይስተካከላል። ችግሩ አንዱን ስታጠብቁት ሌላው መላላቱ ነው። ታክሲ አስቡ። ሞልቶ ካልሆነ የማይነሳ ሚኒባስ በአንድ ጉዞ ብዙ ሰው ያደርሳል፣ ለባለቤቱም ያዋጣል። ቀድማችሁ የገባችሁት ግን ወያላው «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ሲጣራ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ማከማቻም ጥያቄዎችን አከማችቶ በአንድ ላይ ሲጽፍ «በሰከንድ ይህን ያህል» የሚለው ቁጥር ያድጋል፤ የእናንተ አንድ ጥያቄ ግን ይዘገያል። ሪፖርት ላይ የሚወጣው የባለታክሲው ቁጥር ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሞንጎዲቢ የተባለው ታዋቂ ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ፣ ፕሮግራመሩ ራሱ ካልቀየረው በቀር፣ ዳታውን ይልክና ሰርቨሩ መቀበሉን ሳያረጋግጥ ያልፍ ነበር። ፍጥነቱ እውነት ነበር። የተለካው ግን መላኩ እንጂ መቀመጡ አልነበረም። በኋላ ድርጅቱ ራሱ ማረጋገጫ መጠበቅን መነሻ አደረገው። ለቲክቶክ ላይክ ብዙም አያሳስብም፤ አንድ ላይክ ብትጠፋ ማንም አይሞትም። ለቤት ኪራይ የላካችሁት ብር ግን ሌላ ነው። ስለዚህ «የቱ ነው ፈጣኑ?» ከማለት በፊት «ምን ለማስቀመጥ?» ማለት ይቀድማል።

ቅኝት የማይፈታው ነገርም አለ። ሴፍ ለአስር ዓመት ያህል ዳታ የሚያስቀምጠው በተራው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ ነበር፤ በዚህም ምክንያት አንዱን ዳታ ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ መዝገብ ላይ፣ ከዚያ ቦታው ላይ ይጽፍ ነበር። ቢያስተካክሉት ቢያስተካክሉት አልሆነም። በመጨረሻ መሠረቱን ትተው ብሉስቶር የተባለ አዲስ ሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናው ሆነ። አንዳንዴ ክራሩን ከመቃኘት እንጨቱን መቀየር ይሻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ልኬቱ በምን ቀን ተወሰደ የሚለው ነው። 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ሰርቨር ላይ በ10 ጊጋባይት ዳታ ብትፈትኑ፣ የለካችሁት በአብዛኛው ሜሞሪውን እንጂ ዲስኩን አይደለም። አዲስና ባዶ ዲስክ ላይ ብትፈትኑም ያው ነው፤ ስልካችሁ ሲሞላ እንዴት እንደሚንቀራፈፍ ታውቁ የለ? ሰርቨርም ከዚያ ብዙ አይለይም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገር ሲበላሽ ምን ይሆናል? ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ስናፕቻት፣ ሲግናል፣ ዱኦሊንጎ እምቢ ያሏቸው ሰዎች ስልካቸውን አጥፍተው አብርተዋል። ስልካቸው ምንም አልሆነም። ሰሜን ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን የክላውድ ማዕከል፣ ዳይናሞዲቢ የተባለው ማከማቻ አድራሻው ጠፍቶ ነበር። ሁለት አውቶማቲክ አሠራሮች ተጋጭተው የአድራሻ መዝገቡን ባዶ አደረጉት። ዳይናሞዲቢ ከ10 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል የሚባልለት ነው፣ በአዘቦት ቀንም ይህን ያደርጋል። የዚያን ዕለት ግን ራሱ ማከማቻው ለሦስት ሰዓት ገደማ አልተገኘም፣ እሱን ተከትሎ የተጎዳው አብዛኛው እስኪያገግም በእኛ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሆነ። ሚሊሰከንዱን የሚናገረው ቁጥር ይሄንን ሊያሳይ አይችልም፤ ለዚያ አልተሠራማ።

እዚህ ላይ ነው ኢኮኖሚክሱ የሚመጣው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ነገር አለ። ሻጭ የመኪናውን ችግር ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢ መለየት ስለማይችል ለሁሉም አንድ ዋጋ ያቀርባል፣ ጥሩ መኪና ያለውም ከገበያው ይወጣል። ማከማቻ የሚገዛ ተቋምም እንደዚያው ነው። በአንድ «የሰከንድ» ቁጥር ብቻ ካወዳደረ፣ ሦስት ቅጂ እስኪጻፍ የሚጠብቀው ጠንቃቃ ሻጭ ዘገምተኛ መስሎ ይሸነፋል። ጥንቃቄ ደግሞ ወጪ ነው፤ ሦስት ቅጂ ማለት ሦስት እጥፍ ዲስክ ነው። ወጪው በቁጥሩ ውስጥ ካልታየ ማንም አይከፍለውም።

ቴሌብር ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘባችን ወደ ስልክ ገብቷል፣ በፋይዳ ደግሞ ማንነታችን ራሱ ዳታ ሆኗል። ስለዚህ ባንኮችና የመንግሥት ተቋማት ሲስተም ሲገዙም ሆነ ስለ ፍጥነታቸው ሲናገሩ ሦስት ነገር ቢያሳውቁን እላለሁ። አንድ፣ ደመወዝ በሚገባበት ቀን ከ100 ጥያቄ 99ኛው ስንት ሰከንድ ፈጀ? ሁለት፣ «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት የሚመጣው ቅጂዎቹ በሙሉ ከተጻፉ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ሦስት፣ አንድ ሰርቨር ሆን ተብሎ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ተሞክሯል ወይ? ይሄ የማንንም ሚስጥር አያወጣም።

እስከዚያው ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ምልክቷ ዞራ ዞራ መልስ ካልመጣ፣ አልተላከም ማለት አይደለም። ብሩ ተጽፎ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ቸኩላችሁ እንደገና ከመላካችሁ በፊት ሂሳባችሁንና የዝውውር ታሪካችሁን እዩ፣ ካልታየ ትንሽ ቆዩና ድገሙት። ሁለቴ ከተላከ በኋላ ብር ማስመለስ ምን ያህል እንደሚያመላልስ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ።