የቆመው የእግር መኪና

በየቤቱ ጥግ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ የቀረ የእግር ስፌት መኪና አይጠፋም፤ በእናታችን ቤት ያለውም ሲንጀር ብዙ ዓመት እንዲሁ ሆኖ ኖሯል። በቅርቡ ቁራሌው በደጅ ሲጣራ ወንድማችን «ይህ ብረት ይሸጥ» ቢል እናታችን ዝም አሉ። እኛን የነካን ዝምታቸው ነው፤ በዚያ መኪና የሰው ቀሚስ እየሰፉ አሳድገውናልና።

መኪናው የቆመው በእኛ ጥፋት ነው። በልጅነታችን የረዳን መስሎን በዘይት ቀዳዳዎቹ ሁሉ የኑግ ዘይት አፈሰስንበት። የኑግ ዘይት ነፋስ ሲያገኘው እየወፈረ ሄዶ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ጥቂት ቆይቶ መኪናው አልዞር አለ። የተሰፋ ልብስ ከሱቅ መገዛት ስለ ጀመረ ሥራውም ቀንሶ ነበርና እናታችን «አረጀ» ብለው ተዉት፤ እኛም አልተናገርንም።

እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ እመቤቶች፤ ያልዞረ ሁሉ የተሰበረ አይምሰላችሁ። እኛ አስቀድመን ጠፍሩን አወለቅን፤ በዘይት ቀዳዳዎቹ ነጭ ጋዝ በጠብታ አግብተን አሳደርነው። (ይህ ሥራ እሳት ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይሠራም።) በማግስቱ በስተቀኝ ያለውን ተሽከርካሪ በእጃችን ወዲያና ወዲህ ጥቂት ጥቂት ነቀነቅነው እንጂ አላስገደድነውም። በአራተኛው ቀን አንድ ዙር ዞረ። ከዚህም በኋላ ጋዙን ጠርገን እውነተኛውን የስፌት መኪና ዘይት በጠብታ ሰጠነው። ጨርቁን ከሚገፋው ጥርስ ሥር የተጠቀጠቀው ብናኝ እንደ በርኖስ ጠንክሮ ነበርና በመርፌ ለቀምነው። ጥቁር ገላውን በአልኮል አትወልውሉ፤ የወርቅ ቀለም ጌጡን ይፍቀዋል። የደረቀውንም ጠፍር በአዲስ ለወጥነው። በላዩ የተቀረጸው ቁጥር መኪናው በስኮትላንድ አገር በክላይድባንክ ፋብሪካ እንደ ተሠራ ይናገራል፤ ፋብሪካው በ1980 በአውሮጳ አቆጣጠር ከተዘጋ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ መኪናውን ማዳን በእርሱ መስፋትን ከመልመድ ይቀልላል። በተሽከርካሪው መካከል ያለውን ማጥበቂያ ብታላሉት መርፌው ቆሞ ተሽከርካሪው ብቻ ይዞራል፤ እግር የሚለማመደው በዚህ ጊዜ ነው። ተሽከርካሪው ዘወትር ወደ ሰፊው መዞር አለበት፤ ስለዚህ በእጅ አስጀምሮ በእግር ማስከተል ነው። ቀጥሎም ያለ ክር በወረቀት ላይ መስፋት ይገባል። ክሩ ወደ መርፌው ዓይን የሚገባው ረጅሙ ቦይ ካለበት ወገን ነው። በኛ መኪና የታችኛውን ክር የምትይዘው የሸማኔ መወርወሪያ የመሰለች ትንሽ ብረት ናት፤ ስፌቱ ሲጀመር ሁለቱን የክር ጫፎች ይዞ መቆየት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ዐውቀን የትራስ ልብስ ጀመርን፤ ክሩም ወዲያው ተተበተበ። እናታችን ከመደባቸው ሳይነሡ «ወደ ኋላ እየዞረብሽ ነው» አሉ፤ ድምፁን ሰምተው ነው። ከዚያም መጥተው ተቀመጡና ጠርዙን ቀጥ አድርገው ጨረሱት። እኛም የኑጉን ዘይት ነገር በዚያን ሰዓት ነገርናቸው። እግራቸውን ሳያቆሙ «ያን ጊዜ ሸቶኛል» አሉ።