የአዋሽ ባቡር ጣቢያና ያሳደጋቸው ቤቶች

አዲስ አበባ ውስጥ «ለገሃር» ስንል ከፈረንሳይኛ በተወረሰ ቃል ባቡር ጣቢያ ማለታችን ነው። ከለገሃር በስተምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን ጣቢያ ያላት ብቻ ሳትሆን ጣቢያ የወለዳት ከተማ ናት።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በገንዘብ ችግር ለዓመታት ከቆመ በኋላ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛውም አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል።

ያደረ መንገደኛ እራት፣ አልጋና የማለዳ ሻይ ይፈልጋል። ገንዘብ ያለው ከጣቢያው አጠገብ ባለው ቡፌ ያርፍ ነበር። ይህን ሆቴል ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩትም የግሪክ ተወላጅ የሆኑ ሴት ነበሩ። የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ግን ከፉርጎው መስኮት ሥር የሚቀርብለትን ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወተትና ፍራፍሬ ገዝቶ ይመገባል። አቅራቢዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። የባቡሩ ፊሽካ ሰዓታቸው ነበር፤ ምድጃው የሚቀጣጠለው በባቡሩ መድረሻ ተለክቶ ነው።

ጣቢያው ሐዘንም አይቷል። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ አንድ ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ፉርጎዎቹ ገደል ገብተው ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን አቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት መስጠት ቢጀምርም፣ የሚሄደው በራሱ ሐዲድ፣ የሚቆመውም በራሱ ጣቢያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያሻል። የምድር ባቡር ሠራተኛ በደመወዝ መዝገብ ስሙ ስለሰፈረ ጡረታ ይታሰብለታል። እንቁላል ቀቅላ፣ ሻይ አፍልታ በመሸጥ ልጆቿን ያስተማረች እናት ግን ስሟ በየትኛውም መዝገብ የለም። ባቡሩ የቀረ ዕለት ገቢዋም አብሮ ቀርቷል። አዲስ ጣቢያ ሲታቀድም ለተሳፋሪው መቀመጫ እንደሚታሰብ ሁሉ ለነዚህ እናቶች ጥላና መሸጫ ቦታ ሊታሰብላቸው ይገባል።

እናንተም እናቶች፣ ከዘመዶቻችሁ መካከል በባቡር መሥመር ላይ የኖሩ አረጋውያን ካሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጠይቋቸው። ምን ይሸጡ እንደነበር፣ በስንት ሳንቲም፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ ልጆቹ በደብተራቸው ይጻፉ። የጣቢያው ታሪክ ያለዚህ ሙሉ አይሆንም።