ከዓሣው በፊት ውሃው ይሰናዳ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ፍሳሽ ቦይና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ስለ ዓሣ መጻፌ አንዳንዱን ያስቅ ይሆናል። ነገሩ ግን የዓሣ ብቻ ሳይሆን የውሃም፣ የገንዘብም፣ የልጆቻችንም ጉዳይ ስለሆነ አስተያየቴን ላቅርብ።

በሰፈራችን የጌጥ ዓሣ የሚያሳድጉ ቤቶች እየበረከቱ ነው። ልጅ ይለምናል፣ ወላጅ ይገዛል። ዓሣው በላስቲክ ይመጣና በዚያው ሰዓት ከቧንቧ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ይጨመራል። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ተገልብጦ ይገኛል። ከዚያ ሻጩ ይረገማል። እኔ የምለው፣ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ያልተሰናዳ ውሃ ነው።

የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ፣ ከለገዳዲም ይምጣ ከገፈርሳ፣ ለጤናችን ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል። ይህ ለእኛ ደኅንነት ነው፤ ዓሣውን ግን የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ውሃው አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ተከፍቶ 24 ሰዓት ይቀመጥ፤ ክሎሪኑ በኖ ይወጣል። በተከደነ ሮቶ ወይም ጀሪካን የቆየ ውሃ ግን ክሎሪኑን ቶሎ አይለቅም። ውሃ አጋር የተጨመረበትም እንደዚሁ ነው። ገንዳውንም በላርጎ ወይም በሳሙና አትጠቡት።

ሁለተኛው መርዝ በዓይን አይታይም። ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም እዚያው ነው። ከእሱና ከተረፈ ምግቡ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህን የሚያጠፉ ጥቃቅን ተሕዋስያን በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ይራባሉ። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ቀጥለው ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት ያደርሱታል። እነሱ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አዲስ ገንዳ መስታወት የመሰለ ንጹሕ ውሃ ይዞ ዓሣ የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአንድ ወይም በሁለት ዓሣ ጀምሩ፤ ምግብ አታብዙ። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ ውሃ ያበላሻል፣ ተዉት። ጤናማ ገንዳ ያለው ጎረቤት ከቆየ ስፖንጁ ቆርሶ ቢሰጣችሁ እንደ እርሾ ያገለግላል። እርሾ ከጎረቤት መለመን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስፖንጁ ሲቆሽሽም በቧንቧ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይለቅለቅ፤ አለዚያ እርሾው ይሞታል።

ዓሣው ሲመጣ ላስቲኩን እንደታሰረ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ ይመጣጠናል። ከዚያ ከገንዳው ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አለማምዱት። በመጨረሻ ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ የላስቲኩን ውሃ ድፉት፤ ቆሻሻና በሽታ ሊኖረው ይችላል። ቀድሞ ሌላ ዓሣ ያለው ሰው አዲሱን ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው ያቆየው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና።

«ለሰው ያልበቃ ውሃ ለዓሣ?» የሚል ጎረቤት አለ። እውነት አለው፤ በፈረቃ የምንቀዳ ሰዎች ነን። ግን እስቲ እናስላው። 40 ሊትር በሚይዝ ገንዳ በሳምንት ሩቡን መቀየር ማለት 10 ሊትር፣ የአንድ ጀሪካን ግማሽ ነው። ዓሣው በሞተ ቁጥር ሙሉውን የሚደፋ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ጀሪካን ያፈሳል። ከገንዳው የተቀዳው ውሃም ለጎመኑና ለአበባው ይሁን፤ ናይትሬቱ ለተክል ምግብ ነው።

ዓሣ ሰለቸኝ ብሎ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅም ነውር ነው። ከሌላ አገር የመጣ ነገር ውሃችን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርስ ከእምቦጭ እንማር። ለአበባው ውበት ሲባል ከደቡብ አሜሪካ ወደ ብዙ አገር የተወሰደ አረም ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ስንት ጊዜ እየወጡ እንደነቀሉት ሁላችንም ሰምተናል። የማይፈልገው ሰው ለሚያሳድግ ጎረቤት ይስጥ።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ልጆቻችን ናቸው። ዓሣ በሞተ ቁጥር ወዲያው ሌላ የሚተካለት ልጅ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ የሚገዛና የሚጣል ዕቃ ይመስለዋል። መጀመሪያ ውሃውን አብሮን ቢያሰናዳ፣ ሳምንታቱን ቢቆጥር፣ ባልዲውን ራሱ ቢሸከም ግን ኃላፊነትን ይማራል። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጁ ዓሣ ሲጠይቃችሁ «እሺ፣ በቅድሚያ ውሃው» በሉት።

የማኅበሩ ፀሐፊ