የሳንቲሙ አጋዘንና የባሌው አጋዘን

አሥር ሳንቲምን ታስታውሷታላችሁ? በአንድ ፊቷ አንበሳ፣ በሌላው የደጋ አጋዘን አለባት። እንስሳውን ከሳንቲም ውጪ አይቶ የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?

አጋዘን እንበለው እንጂ ቀንዱን በየዓመቱ እንደሚጥለው የፈረንጅ አጋዘን አይደለም፤ የድኩላ ዘመድ ነው። ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ በአንድ ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች። በዓለም ላይ የሚኖረው እኛ ዘንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት የባሌ፣ የአርሲና የሐረርጌ ደጋዎች ነው። መጠለያው ኮሶው፣ ጥዱና አስታው ነው። ጫካው ሲመነጠር ሌላ የሚሄድበት አገር የለውም።

ታዲያ ፓርኩ ውስጥ ከብት የታየ እንደሆነ አዲስ አበባ ተቀምጠን የምንጮኸው አንድ ነገር ነው፦ «ገበሬውን አስወጡልን!» ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ግን ተሞክሮ ታይቷል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ዘበኛው ሸሸ። ለዓመታት «አትድረስበት» ሲባል የኖረው ሰውም ቂሙን በአጋዘኑ ተወጣ፤ ብዙው በጥይት አለቀ። በጠብመንጃ ብቻ የተጠበቀ እንስሳ ዕድሜው የጠባቂው ዕድሜ ነው።

«ታዲያ ዝም እንበል?» የሚለኝ ይኖራል። በፍጹም! ከብት ሣሩን ይጨርሳል፣ የእረኛ ውሻ ግልገል ይበላል፣ ማረሻ ጫካውን ይገፋል። አዲስ እርሻና አዲስ ሰፈራ መቆም አለበት፤ ይህን የሚክድ የገበሬው ወዳጅ አይደለም። ጫካው ካለቀ ምንጩም ይደርቃልና።

ነገር ግን «ተው» የሚባል ሰው በምትኩ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይገባል። በሕጋዊ የአደን ቀጠና አንድ ወንድ አጋዘን ለመግደል የውጭ አዳኝ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲከፍል ኖሯል። ቱሪስቱም ዲንሾ ድረስ መጥቶ ይከፍላል። ማሳው የሚበላበት ገበሬ ከዚህ ገንዘብ ስንት እንደደረሰው በቀበሌው ስብሰባ ላይ በግልጽ ይነገረው። ክሊኒክ ይሁን ትምህርት ቤት፣ «ይህ የአጋዘኑ ነው» ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ነገር ይኑረው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ፓርክ በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም እልል አልን። እልልታው ደግ ነው። ግን አጋዘኑን በሕይወት የሚያቆየው ዩኔስኮ አይደለም፤ ማታ በጓሮው ሲያልፍ አይቶ የሚተወው ጎረቤቱ ነው። ለዚያ ጎረቤት ምን ሰጠነው?