የጎጃም ወጣቶችና የኅዋ ምሕንድስና፦ ሙያው ከአንድ ሳተላይት ዕድሜ በላይ እንዲቆይ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ የመሬት ምልከታ ሳተላይቷን፣ ኢቲ አር ኤስ ኤስ-1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ማዕከል ማምጠቋ ይታወሳል። ሁለተኛዋ ሳተላይትም ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ተከትላታለች። ሥራው በቻይና ድጋፍ የተከናወነ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከቻይና አቻዎቻቸው ጋር ሠልጥነውበታል፤ ተሳትፈውበታልም። የመጀመሪያዋን ሳተላይት የሚቆጣጠረውና መረጃ የሚቀበለው ጣቢያም በእንጦጦ ተራራ ላይ ተተክሏል።

ይሁንና የመጀመሪያዋ ሳተላይት የታቀደላት የአገልግሎት ዘመን ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር። በአንጻሩ አንድ መሐንዲስ ከምረቃው እስከ ጡረታው ከሠላሳ ዓመት የማያንስ የሥራ ዘመን አለው። በመሆኑም ዛሬ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርት ለሚከታተሉ ወጣቶች ዋናው ጥያቄ አገሪቱ ሳተላይት አምጥቃለች ወይስ አላመጠቀችም የሚለው አይደለም። ሙያውን የመረጠ ወጣት ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ ምን ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

ጎጃም ለዘርፉ እንግዳ አይደለም። ባሕር ዳር በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረችበት ወቅት፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ካፈራቸው ባለሙያዎች መካከል በቦንጋ የተወለዱት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ይገኙበታል። ኢንጂነር ቅጣው ትምህርታቸውን በጃፓን ከቀጠሉ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጠፈር መርሐ ግብሮች ላይ በመሐንዲስነት አገልግለዋል። በጥር ወር 1998 ዓ.ም. ያረፉትም በዚያው በአሜሪካ ነው። የእርሳቸው የሕይወት ጎዳና የትውልዱን ዕጣ በግልጽ ያሳያል፤ የሙያው መሠረት በአባይ ዳር ሲጣል፣ ፍሬው የተለቀመው በባዕድ አገር ነው።

ከዚያ ወዲህ የተለወጡ ሁኔታዎች አሉ። በ1999 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርትን ለአካባቢው አቅርቧል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በቅኔ ትምህርት ስመ ጥር የሆነውን የዋሸራን ስም የያዘ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ተቋቁሟል። በዚህ ረገድ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነው ያገለገሉትና በፊንላንድ የኅዋ ፊዚክስ የተማሩት ባይሌ ዳምጤ ድርሻ ተጠቃሽ ነው።

ቤተ ሙከራው በዚህ ስፍራ መገኘቱ ሳይንሳዊ ምክንያት አለው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ሰማይ ነው። በዚህ መስመር አቅራቢያ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ስለሚታወክ፣ ከሳተላይት የሚመጣው የጂ ፒ ኤስ ምልክት ሊንቀጠቀጥ ወይም ሊቋረጥ ይችላል። ጉዳዩ የአውሮፕላን አቅጣጫን፣ የመሬት ቅየሳንና የሬዲዮ ግንኙነትን ሁሉ ይመለከታል። ባለጸጋ አገሮች በገንዘብ ሊገዙት የማይችሉት የምልከታ ቦታ ለጎጃም መሐንዲስ በደጁ ይገኛል ማለት ነው።

ያም ሆኖ የአገራችን ታሪክ በዘርፉ የጅምር እጥረት እንዳልነበረ ያስረዳል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ሴባስቶፖል የተሰኘው መድፍ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተጓጉዟል። ከመቅደላ በኋላ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ መድፉ ቀረ፤ የሙያው ሰንሰለት ግን ተበጠሰ። በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነትና በኢትዮጵያውያን ተሳትፎ በ1928 ዓ.ም. የተሠራችው “ፀሐይ” አውሮፕላንም በወረራው ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ የተመለሰችው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ጅምሮች ተተኪ ትውልድ ሳያፈሩ ተቋርጠዋል።

በተቃራኒው በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በመጡ ባለሙያዎች ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ ኃላፊነቱን የተረከቡት ከ25 ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። ዛሬ አየር መንገዱ የራሱንና የሌሎችን አውሮፕላኖች በአገር ውስጥ የሚጠግን የሰው ኃይል አለው። ምስጢሩ አንድ አውሮፕላን መግዛቱ ሳይሆን፣ መለማመጃው፣ የሙያ ፈቃዱ፣ ዕድገቱና ቀጣዩ ሥራ ለአሥርተ ዓመታት ሳይቋረጡ መቆየታቸው ነው።

ሌላው የሥራ መስክ የመከላከያ ቴክኖሎጂ ነው። ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ ማዕከልና የመከላከያ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ መቀመጫ ሆና ቆይታለች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስካይዊን የተሰኘ የሰው አልባ አውሮፕላን ማምረቻ መመረቁ አይዘነጋም። መስኩ ለወጣቱ መሐንዲስ ዕድል ቢከፍትም የራሱ ባሕርይ አለው። ሥራው በምስጢር የሚጠበቅ በመሆኑ ባለሙያው ያከናወነውን ማሳተምም ሆነ ለቀጣይ ቀጣሪ በግልጽ ማሳየት ይቸገራል። ማሳን የሚቃኘውና ዒላማን የሚመታው ድሮን በመሠረቱ የአንድ ሙያ ውጤቶች በመሆናቸውም፣ የሰላማዊ ሰዎችን ደኅንነት የሚመለከቱ የጦርነት ሕጎችና የሙያ ሥነ ምግባር ከምሕንድስናው ጋር አብረው ሊሰጡ ይገባል።

ይህም ሆኖ የዘርፉ ሥራ በእንጦጦና በቢሾፍቱ ብቻ ሊወሰን አይገባም። ከጮቄ ተራራ የሚነሱት ወንዞች፣ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈውን ጨሞጋን ጨምሮ፣ አፈር ጠርገው ወደ አባይ ይወስዳሉ። የአፈር መከላቱን፣ የደን ሽፋኑንና የሰብል ይዞታውን በሳተላይት ምስል መከታተል ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ ለዩኒቨርሲቲዎቹና ለግብርና ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሳተላይቷ አገልግሎቷን ብትጨርስ እንኳ ምስሉን የሚተነትነው ባለሙያ ከሌሎች ሳተላይቶች በሚገኝ መረጃ ሥራውን ይቀጥላል።

ለዚህ ሁሉ ሰላም ቀዳሚው ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶችን ከሥራ ውጭ ማድረጉ የዘርፉን የነገ ባለሙያዎች ከሥር የሚነካ ጉዳት ነው። ዛሬ ከሰባተኛ ክፍል የቀረ ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ በእንጦጦ ጣቢያ ሊገኝ አይችልም።

በአጠቃላይ ሳተላይት ማምጠቅ የአንድ ቀን ክንዋኔ ሲሆን፣ መሐንዲስ ማፍራትና ማቆየት ግን የትውልድ ሥራ ነው። ስለዚህ ለቀጣዩ ሳተላይት በጀት ሲያዝ ለሚሠሩት ባለሙያዎች የዕድገት መሰላል፣ የምርምር ወጪና ተከታታይ ሥራም አብሮ ሊታቀድ ይገባል። ይህ ሲሆን ከጎጃም ደጋ የሚነሳ ወጣት ሙያውን በውጭ አገር ብቻ ሳይሆን በአገሩም እስከ ጡረታው ሊሠራበት ይችላል።