ግዳይ የሌለው ፎካሪ

ቀልደኛ ራፕ «የራፕን ክብር ያዋርዳል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለመሆኑ የትኛውን ክብር? ለአንድ ቀን የተከራዩት መኪና ላይ ተጋድሞ፣ የተውሶ ሰንሰለት አንጠልጥሎ፣ የሰው ብር እየበተኑ መቀረጽን ነው? ያ ወጣት ቀረጻው ሲያበቃ ጦር ኃይሎች ላይ ወደ ቤቴል የሚሄድ ታክሲ ይሰለፋል። የሚዘፈነው ነገር እኮ እዚያ ሰልፍ ላይ ነበር!

አማርኛችን ፉከራንና ጉራን ለይቶ ያውቃል። የጥንቱ ፎካሪ «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሳ ግዳዩን ይቆጥራል፤ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይናገራል። የሚሰሙት አብረውት የዘመቱ ናቸውና ቢዋሽ እዚያው ያፍራል። ግዳይ ሳይኖረው የሚፎክር ግን ጉረኛ ነው። በዚህ ሚዛን የኪራይ መኪናው ራፕ ጉራ ነው። «ዘራፍ! ተጋፍቼ ገባሁ፣ ወንበር ያዝሁ፣ መልሴንም ከወያላው ተቀበልሁ» የሚለው ደግሞ፣ ቢያስቅም፣ የለየለት ፉከራ ነው። ምስክሩ ታክሲ ሙሉ ሰው ነዋ!

ፈረንጆቹስ ቢሆኑ? እ.ኤ.አ. በ1979 ራፕን ለዓለም ያስተዋወቀው የሹገርሂል ጋንግ «ራፐርስ ዲላይት» ውስጥ በመኪና የሚጎረርበት ስንኝ ከሌላ ራፐር፣ ከግራንድማስተር ካዝ፣ የተወሰደ ነበር። ጉራው ገና ከጅምሩ የተውሶ ነበር ማለት ነው። እዚያው ዘፈን ውስጥ ግን ወዳጅ ቤት ተጋብዞ የማይበላ ምግብ ስለቀረበለት ሰው የሚያወራ ክፍል አለ፤ ይኼ በማንም ቤት የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አንዲ ሳምበርግና ክሪስ ፓርኔል «ሌዚ ሰንደይ» በተባለው የቴሌቪዥን ቀልዳቸው ኬክ በልቶ የልጆች ፊልም መግባትን እንደ ዘመቻ ፎከሩበት። አሜሪካ ሳቀች፤ ራፕም አልሞተም።

በገጠሬ አነጋገር ወይም በደሃ ልብስ የሚያላግጠውን ግን ከዚህ አልቆጥረውም። እሱ በሌላው ይስቃል፤ የእኔ ፎካሪ የሚያስቀው በገዛ ራሱ ነው።

ጉራው የሚጎዳው ዘፋኙን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ። ነገር ግን ሰልፍ ላይ የቆመው አድማጭ በኑሮው እንዲያፍር ያደርገዋል። ያጠራቀማትን ሳንቲም ለመኪና ኪራይ የሚያስረክብ ልጅም የሚፈጠረው ከዚሁ ነው።

የቤቴል ልጅ ሆይ፣ በፈረቃ የምትመጣዋን ውሃ ሌሊት ነቅተህ ጠብቀህ ጀሪካኑን ሁሉ ሞልተሃል? ግዳይህ ይኸው! የመኪናውን ኪራይ ለጥሩ ስቱዲዮ ክፈለውና ፎክር፤ እኛ እንመሰክርልሃለን።