ስም በበር ላይ

በማታ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በራችንን ገፍተን እንገባለን። በየቀኑ የምናደርገው ስለ ሆነ እንደ ትልቅ ነገር አንቈጥረውም። ነገር ግን የሚገፋው በር የሌለው ሰው በዓለም ብዙ ነው። ዛሬ ፊንላንድ በምትባል አገር ስላሉት እንዲህ ያሉ ሰዎች እነግራችኋለሁ።

ፊንላንድ በአውሮፓ በሰሜን በኩል ያለች አገር ናት። በዚያ የክረምቱ ብርድ እጅግ ጽኑ ነው፤ የሐይቁ ውኃ እንኳ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ድረስ ይረጋል። ሰው በሜዳ ቢያድር ይሞታል። ስለዚህ በዋናው ከተማ በሄልሲንኪ ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሌሊት ማደሪያዎች ተሠርተው ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. በእነዚህ ማደሪያዎች 2,121 አልጋዎች ነበሩ። ከሚያድሩትም የሚበዙት ወንዶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹን መጠጥ ጐድቶአቸው ነበረ።

ማደሪያ ከብርድ ያድናል፤ ነገር ግን ቤት አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ሲተኛ አንዱ ቢያስል ሁሉ ይነቃል። ጫማውን ከራስጌው ያላኖረ ሰው ማለዳ ባዶ እግሩን ሊሄድ ይችላል። ደብዳቤ የሚቀበልበት፥ ወንድሙንም ጠርቶ ቡና የሚያጠጣበት ስፍራ የለውም። (የፊንላንድ ሰዎች እንደ እኛ ቡና እጅግ ይወዳሉ።) ቤት ገመናን ይከትታል ይባላል፤ የዚህ ሰው ገመና ግን ለሁሉ የተገለጠ ነው።

ከማደሪያው የሚወጣበት መንገድ ደግሞ እንደ መሰላል ነበረ። አስቀድመህ መጠጥ ተው፥ ከዚያም ወደ ተሻለ ክፍል ትሄዳለህ፥ በዚያም ጠባይህ ያማረ እንደ ሆነ በመጨረሻ ቤት ታገኛለህ ይሉት ነበረ። አንድ ቀን የሰከረ እንደ ሆነ ግን ወደ ታች ይመለሳል። በዚህ መሰላል ብርቱዎቹ ወጡ፤ ደካሞቹ ግን ሲወጡና ሲወድቁ ዕድሜያቸውን ፈጁ።

በ2007 ዓ.ም. ነገሩን እንዲመረምሩ አራት ሰዎች ተመረጡ፤ ከእነርሱም አንዱ ጳጳስ፥ አንዱም ሐኪም ነበሩ። በዚያ አገር በየበሩ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋልና ምክራቸውን «ስም በበር ላይ» ብለው ሰየሙት። አስቀድሞ ቤት ይሰጠው፥ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ አሉ። መንግሥትም በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ።

ሳልቬሽን አርሚ የሚባለው የክርስቲያኖች ማኅበር በሄልሲንኪ 250 አልጋዎች ያሉበት ማደሪያ ነበረው። ይህ ማደሪያ ፈርሶ ሳይሆን ታድሶ፥ በ2012 ዓ.ም. 81 መኖሪያ ቤቶች ሆነ። የሚገባበት ሰው የኪራይ ውል ይፈርማል፥ ኪራይም ይከፍላል፤ ገንዘብ ያነሰውን መንግሥት ያግዘዋል። ረዳቶች በዚያው ሕንፃ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን ቁልፉ የእርሱ ነውና በሩን አንኳኩተው ይቆማሉ።

በሒሳብ የበረታ ተማሪ 250 ሰዎች በ81 ቤቶች እንዴት ይገባሉ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። በዚህ አንድ ሕንፃ አይገቡም፤ ስለዚህ ሌሎች ቤቶች ተሠሩ፥ ተገዙም። በ1985 ዓ.ም. የቆመ አንድ ድርጅት በሌላው ሰው መካከል፥ በተራ ሕንፃዎች ውስጥ ቤቶችን እየገዛ ቤት ለሌላቸው ያከራያል። ለግዢውም ብዙ ጊዜ የረዳው ከቁማር መኪናዎች የተሰበሰበ ገንዘብ ነበረ። የስንቱን ቤት ያፈረሰ ገንዘብ ቤት ሲገዛ ማየት የሚያስገርም ነገር ነው።

ብዙ ሰዎች ግን ለሰካራም ቤት መስጠት ስንፍናን ማስተማር ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ማንበብ እስክታውቅ ድረስ መጽሐፍ አልሰጥህም የሚል መምህር ቢኖር ምን ትሉታላችሁ? ሰው በሰዓቱ የሚነሣው፥ ልብሱን የሚያጥበው፥ መድኃኒቱን ሳይጠፋበት የሚጠብቀው በቤት ነው። ቤት ሳይኖርህ የባለቤትን ጠባይ አሳይ ማለት ፍርድ አይደለም። ደግሞም ቤቱ የሚሰጠው በነጻ አይደለም፤ ኪራዩን ያልከፈለ፥ ጎረቤቱንም የበደለ እንደ ማንኛውም ተከራይ ይጠየቃል።

በ1987 ዓ.ም. በፊንላንድ ቤት የሌላቸው 18 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በ2023 ዓ.ም. 3,429 ሆኑ። በ2024 ዓ.ም. ግን ቍጥሩ እንደ ገና ወደ 3,806 ወጣ። በዚያው ዓመት መንግሥት ለኪራይ የሚሰጠውን ርዳታ ቀንሶ ነበረ፤ ይህን ስሰማ አዘንሁ።

ሥራው ቀላል ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልወድም። ብዙ ዘመን በጩኸት መካከል ያደረ ሰው ብቻውን በክፍሉ ሲቀመጥ ዝምታው ያስጨንቀዋል። አንዳንዱ ያንን ዝምታ በመጠጥ ሊሞላው ይፈልጋል፤ መጠጥን ከቶ የማይተውም አለ። ረዳቱ በማግሥቱ ተመልሶ ያንኳኳል፤ ምግብ ማብሰልንም፥ ገንዘብ መቈጠብንም አብሮት ይለማመዳል።

ጎረቤቶችም እንዲህ ያለ ቤት በሰፈራቸው ሲከፈት ይፈራሉ፥ ይቈጣሉም። ስለዚህ ረዳቶቹና ተከራዮቹ መጥረጊያና ከረጢት ይዘው ይወጣሉ፤ በመንገዱ ዳር የወደቀውን ጠርሙስና ወረቀት እየለቀሙ የሰፈሩን መንገድ ያጸዳሉ፥ የሚያልፈውንም ሰው ሰላምታ ይሰጡታል።